በሩ ሲዘጋ በየት ይታለፋል? በአልፕስ ተራሮች አማራጭ መተላለፊያ ስለ መምረጥ

ሻምፔ በምትባል የስዊዘርላንድ መንደር፣ ማታ፣ ካርታ ዘርግተን ተቀምጠናል። እኔና አንድ ጓደኛዬ። በነጋታው ትሪያን ወደምትባል ሌላ መንደር እንሻገራለን። መሃል ላይ ተራራ አለ፤ መሻገሪያው ደግሞ ሁለት ነው። አንደኛው መንገድ 2,665 ሜትር ላይ ባለ መተላለፊያ ያልፋል። ሌላኛው ከ2,049 ሜትር በላይ አይወጣም። ጓደኛዬ ተወልዶ ያደገው ሽሮ ሜዳ ነው። ትልቁን ቁጥር አየና «ይሄማ ከእንጦጦ ያነሰ ነው!» አለኝ።

ልክ ነው። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ወደ ደሴ የሄደ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ጣርማ በርም እንደዚያው። ደባርቅ ከተማ ራሷ ከ2,665 ሜትር ትበልጣለች፤ ሰው ይነግድባታል፣ ልጆች ትምህርት ቤት ይሄዱባታል። ታዲያ ያው ከፍታ ስዊዘርላንድ ውስጥ ሲሆን ለምን ያስፈራል?

ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ ያ የማታ ወሬ ነው። ደጋ ያደገ ሰው ከፍታ አይፈራም። ጥሩ ነው። ግን የከፍታ ቁጥር እዚህና እዚያ የሚናገረው አንድ ነገር አይደለም። በአልፕስ የእግር ጉዞ ላይ የትኛው መተላለፊያ ይሻላል የሚለውን ለመወሰን ከቁጥሩ ጀርባ ያለውን ማየት ያስፈልጋል። ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ላስታውስ፦ እዚህ የምጠቅሳቸው ወሮች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ክረምትና በጋ ስልም የአውሮፓን ብርድና ሙቀት ወቅት ነው፤ ሰዓቱ ግን በእኛ ነው።

በር፣ አንገት፣ መስኮት

እኛ ተራራ የሚታለፍበትን ቦታ በር እንለዋለን። ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ የአልፕስ ሰዎች ኮል ይሉታል። ቃሉ አንገት ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው። በሁለት ተራሮች ራስ መሃል ዝቅ ብሎ የሚገኘው ቦታ ማለት ነው። በዚህ አካባቢ ግን መስኮት የሚባሉ መተላለፊያዎችም አሉ። የኛው ባለ 2,665 ሜትር «ፍኔትር ዳርፔት» ይባላል፤ የአርፔት መስኮት። ስሙን ያወጣለት ሰው ቦታውን አይቶታል። ከሩቅ ሲታይ በድንጋይ ግድግዳ ላይ የተሸነቆረ ክፍተት ነው የሚመስለው።

ሁለቱም መንገዶች ሞንብላንን የሚዞረው ታላቅ የእግር መንገድ ክፍሎች ናቸው። ቱር ዱ ሞንብላን ይባላል። ወደ 170 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ፈረንሳይን፣ ጣሊያንንና ስዊዘርላንድን ያቋርጣል። ዳገቱ ሁሉ ቢደመር 10,000 ሜትር ገደማ ይሆናል። ብዙ ሰው በ10 ወይም በ11 ቀን ይጨርሰዋል። የጄኔቫው ሊቅ ኦራስ ቤኔዲክት ደ ሶሲር እ.ኤ.አ. በ1767 ተራራውን ዞሮታል፤ ጫፉ ላይ ሰው ከመውጣቱ 19 ዓመት በፊት።

ይህ መንገድ አንድ ቀጭን መስመር አይደለም። ብዙ ቦታ ላይ ለሁለት ይከፈላል፣ ቆይቶ ይገናኛል። ዋናው መንገድ አለ፤ ተለዋጭ መንገድ አለ። ሻምፔ ላይ የሚገርመው ነገር ይሄ ነው፦ ዋናው መንገድ ዝቅተኛው ነው። ቦቪን በምትባል የከብት ግጦሽ ሜዳ በኩል ያልፋል። የአርፔት መስኮት ተለዋጩ ነው። ግን ተጓዦች ሲያወሩ ብትሰሙ የሚወደሰው መስኮቱ ነው። ቦቪን «ያልቻለ ሰው የሚሄድበት» ተደርጎ ይወራል። እንዲህ ያለ ወሬ ሰውን የማይገባ ቦታ ይከተዋል።

ቁጥሩ የማይናገረው

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ሞንብላን 46 ዲግሪ ላይ ነው። ልዩነቱን ዛፎቹ ይነግሯችኋል። በአልፕስ በዚህ አካባቢ ከ2,000 እስከ 2,200 ሜትር ስትደርሱ ዛፍ ያበቃል። እኛ ጋ 3,000 ሜትር ላይ ገብስ ይዘራል። ስለዚህ 2,665 ሜትር እዚህ ማለት ከዛፍ በላይ፣ ከሣር በላይ፣ ድንጋይና በረዶ ብቻ ያለበት ዓለም ማለት ነው። ከኛ አገር ጋር ማወዳደር ካስፈለገ ከእንጦጦ ጋር ሳይሆን ከራስ ዳሽን አናት ጋር ቢወዳደር ይቀርባል። እዚያ እንኳን እንዲህ ያለ በረዶ አይቆይም።

በረዶ ስል ደግሞ ቃላችን ራሱ ያስቸግረኛል። በአማርኛ ከሰማይ የሚወርደውም ጠጠር፣ እንደ ጥጥ የሚረግፈውም፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚረጋውም በረዶ ነው። ተራራ ላይ ግን እነዚህ ሦስቱ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። በክረምት የረገፈው ለስላሳ በረዶ በጥላ ቦታ ተከማችቶ እስከ ጁላይ ሊቆይ ይችላል። ቀን ቀን ፀሐይ ያቀልጠዋል፣ ሌሊት ይረጋል። ይህ እየተደጋገመ ሲሄድ ጠዋት ላይ እንደ ሰድር ይጠነክራል።

እንግዲህ መንገዱ ቀጥ ያለ ተዳፋት ላይ እንዲህ ያለውን በረዶ ያቋርጣል እንበል። ርዝመቱ 30 ሜትር ብቻ ሊሆን ይችላል። ካርታ ላይ አይታይም። ጫማ አልይዝ ብሎ የተንሸራተተ ሰው ግን በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ራሱን ማቆም የማይችልበት ፍጥነት ላይ ይደርሳል። ዋናው ጥያቄ «በረዶ አለ ወይ?» አይደለም። ጥያቄው «ከበረዶው ሥር ምን አለ?» ነው። ሥሩ ሜዳ ከሆነ ቂጥህ ይረጥባል። ሥሩ ቋጥኝ ወይም ገደል ከሆነ ሌላ ነገር ነው።

ሙቀቱንም አስቡት። በአማካይ 1,000 ሜትር በወጣችሁ ቁጥር 6 ዲግሪ ተኩል ይቀንሳል። ሻምፔ 1,466 ሜትር ላይ ናት። እዚያ 14 ዲግሪ ከሆነ መስኮቱ ላይ 6 ገደማ ይሆናል፤ ነፋሱ ሳይቆጠር። የዝናብ ቀን ከሆነ ታች የሚዘንበው ላይ በረዶ ሆኖ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ስለዚህ የአየር ትንበያ ስታዩ የመንደሩን ሙቀት ብቻ አትዩ። «የዜሮ ዲግሪ ከፍታ» የሚል ቁጥር አለ፤ ውሃ የሚረጋበትን ከፍታ ይናገራል። ያ ቁጥር ወደምታልፉበት በር ከተጠጋ ዕቅዳችሁን እንደገና ማየት አለባችሁ። ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት ደግሞ አየሩ ከዜሮ በላይ ሆኖም የበረዶው ፊት ሊረጋ ይችላል። ጥርት ያለ ጠዋት ሁልጊዜ የምሥራች አይደለም።

ሁለቱ መንገዶች በእግር ሲታዩ

በመስኮቱ በኩል የሚሄደው ከሻምፔ ተነሥቶ የአርፔት ሸለቆ ውስጥ ይገባል። መጀመሪያው ደስ ይላል። ጫካ፣ የውሃ ቦይ፣ ከዚያ መስክ። 1,627 ሜትር ላይ አንድ ማረፊያ ቤት አለ። በዚያ በኩል የመጨረሻው ቤት እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ሸለቆው ይጠብባል። የመኪና ያህል የሚሆኑ ቋጥኞች ላይ እየተዘለለ፣ በእጅም እየተያዘ ይታለፋል። የመጨረሻው ክፍል ቀጥ ያለና ልቅ ጠጠር የሞላበት ነው፤ ሁለት ስትራመድ አንድ ወደ ኋላ ይመልሳል። መስኮቱ ላይ ስትደርስ በወዲያኛው በኩል የትሪያን የበረዶ ግግር ድንገት ፊትህ ይደቀናል። ሰው የሚወደው ለዚህ ነው፤ አልፈርድበትም። ከዚያ ቁልቁለቱ ይጀምራል። ከ1,300 ሜትር በላይ መውረድ አለ፤ የላይኛው ክፍል ድንጋያማና ጉልበት የሚበላ ነው። የሚቀጥለው ቤት 1,583 ሜትር ላይ ነው።

ይህን ልብ በሉ። ከ1,627 ሜትሩ ቤት እስከ 1,583 ሜትሩ ቤት ድረስ መጠለያ የለም። በሩን ካለፋችሁ በኋላ ደግሞ ወደ ኋላ መመለስ ማለት እንደገና ዳገት መውጣት ማለት ነው። ማንም አይመለስም። ሁሉም «ከዚህማ ወደ ፊት ይሻላል» ይላል፤ እግሩ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን።

የቦቪን መንገድ ጠባዩ ሌላ ነው። ከሻምፔ ትንሽ ይወርዳል፣ በጫካ ይዞራል፣ ጅረቶች ያቋርጣል፣ ከዚያ ጠንከር ያለ ዳገት ይወጣል። 1,987 ሜትር ላይ የቦቪን ሜዳ አለ። እዚያ ቁጭ ብላችሁ ወደ ታች ስትመለከቱ የማርቲኒ ከተማ 1,500 ሜትር ያህል ከእግራችሁ ሥር ትታያለች። ትንሽ ወጥቶ 2,049 ሜትር ከደረሰ በኋላ በጫካ ውስጥ ወደ ፎርክላ ይወርዳል። ፎርክላ 1,526 ሜትር ላይ ያለ የመኪና መንገድ መተላለፊያ ነው። አውቶቡስ ይቆማል። ትሪያን ከዚያ ትንሽ ወረድ ብላ ናት።

ቦቪን የራሱ አደጋ የለውም ማለት አይደለም። ከከባድ ዝናብ በኋላ ጅረቶቹ ይሞላሉ፣ የዛፍ ሥሩ ይሙለጨለጫል። ሜዳው ገላጣ ስለሆነ መብረቅ አይምረውም። ከብቶችም አሉ። በዚህ አውራጃ የታወቁት የኤራን ላሞች ጥቁር፣ አጭርና ጡንቻማ ናቸው፤ እርስ በርስ በመዋጋት ስመ ጥር ናቸው። ከብት የጠበቀ ሰው ያውቀዋል፦ ጥጃ ያላትን ላም ራቅ ብሎ መዞር ነው። ውሻ ይዛችሁ ከሆነ እጥፍ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ላሟ የምትጠላው ውሻውን ነው።

ግን ትልቁ ልዩነት ይሄ ነው፦ ቦቪን ላይ የሆነ ነገር ቢበላሽ ቶሎ መውረድ ይቻላል። ቁርጭምጭሚት ቢዞር በዝግታ እያነከሱ የሚሄዱበት መንገድ ነው። መስኮቱ ላይ ቁርጭምጭሚት ከዞረ ሄሊኮፕተር መጥራት ነው። እኔ መንገድ ስመርጥ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንን ነው። ሁሉም ነገር ቢሳካ የትኛው ያምራል ብዬ አይደለም፤ አንዲት ትንሽ ነገር ብትበላሽ የትኛው ይሻላል ብዬ ነው።

በእርሳስና በወረቀት

ስሜትን ትቶ ቁጥር ማስላትም ይጠቅማል። በጀርመንና በአልፕስ አገሮች የሚሠራበት ቀላል ስሌት አለ። በአንድ ሰዓት 300 ሜትር ወደ ላይ፣ 500 ሜትር ወደ ታች፣ ወይም ሜዳ ላይ 4 ኪሎ ሜትር። የዳገትና የቁልቁለቱን ሰዓት ደምሩ። የርቀቱን ሰዓት ለብቻ አስሉ። ከሁለቱ የሚበልጠውን ሙሉውን ያዙ፣ የሚያንሰውን ግማሽ ጨምሩበት።

የመስኮቱ መንገድ 1,200 ሜትር ዳገት አለው፤ 4 ሰዓት። ቁልቁለቱ ወደ 1,365 ሜትር ነው፤ 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ። ድምሩ 6 ሰዓት ከ45። ርቀቱ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ 3 ሰዓት ተኩል። ግማሹን ስትጨምሩበት 8 ሰዓት ተኩል ይመጣል። የቦቪኑ ደግሞ ወደ 750 ሜትር ዳገት፣ ወደ 900 ሜትር ቁልቁለትና 16 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት አለው። በተመሳሳይ ስሌት 6 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ ነው። ጠንካራ ተጓዥ ሁለቱንም ከዚህ ባነሰ ይጨርሳል። የስዊዘርላንድ የመንገድ ምልክቶችም ያነሰ ሰዓት ይጽፋሉ። ግን ምልክቱ ላይ ያለው ሰዓት ዕረፍትን አይቆጥርም። ሻይ፣ ፎቶ፣ ጫማ ማሰር፣ ማላብና መልበስ ሁሉ የናንተ ነው።

ዋናው ነገር የሁለት ሰዓቱ ልዩነት ነው። በበጋ ወራት በአልፕስ የነጎድጓድ ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት ሰማዩ ሰማያዊ ነው፤ ወደ 6 ሰዓት ላይ ደመናው እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል፤ 8 እና 9 ሰዓት ላይ ይፈነዳል። ስለዚህ ከፍ ያለ በር ከ5 ሰዓት በፊት ታልፎ ማለቅ አለበት እላለሁ። ከሻምፔ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ብትነሡ፣ ሳትዘገዩ፣ ቢፈጥን 5 ሰዓት ላይ መስኮቱ ላይ ናችሁ። ለስህተት የተረፈ ጊዜ የለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ግጭት አለ። መብረቁ «ማልዳችሁ ተነሡ» ይላል። የረጋው በረዶ ደግሞ «ትንሽ ፀሐይ እስኪያለሰልሰኝ ቆዩ» ይላል። በኦገስት በረዶው ስለሚያልቅ ግጭቱ ይጠፋል፤ ማልዶ መነሣት ብቻ ነው። በጁን መጨረሻና በጁላይ መጀመሪያ ግን ሁለቱ ባንድ ቀን ሊገጥሙ ይችላሉ። ጠዋት ድንጋይ የሆነ በረዶ፣ ከሰዓት ነጎድጓድ። እንዲህ ያለ ቀን መስኮቱ ክፍት የሚሆነው ለአጭር ጊዜ ነው፤ ያቺን ጊዜ አነጣጥሮ ለመድረስ ልምድና የበረዶ ጥርስ፣ ማለትም ጫማ ሥር የሚታሰር ሹል ብረት፣ ይጠይቃል። ከሁለቱ አንዱ የጎደለው ሰው በቦቪን ይሂድ።

ነጎድጓድ ከጀመረ መቁጠር ነው። ብልጭታውን ካያችሁ በኋላ ድምፁ እስኪሰማ ስንት ሴኮንድ ሆነ? በየሦስት ሴኮንዱ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ከ30 በታች ከሆነ፣ ማለትም 10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከገባ፣ ከሸንተረርና ከገላጣ ቦታ መውረድ ይጀመራል።

ዝቅ ያለው ሁሉ አይሻልም

እስካሁን የተናገርኩት «ዝቅተኛውን ምረጡ» የሚል ከመሰለ አይደለም። በዚሁ ዙር ላይ ጥሩ መልስ የሚሰጥ ቦታ አለ። ከጣሊያን ወደ ስዊዘርላንድ የሚታለፈው ግራን ኮል ፌሬ በሚባለው በር ነው፤ ትልቁ ፌሬ ማለት ነው፤ 2,537 ሜትር። አጠገቡ ፕቲ ኮል ፌሬ አለ፤ ትንሹ ፌሬ፤ 2,490 ሜትር። ቁጥሩ ያንሳል፣ ስሙም ትንሹ ነው። ድካም የያዘው ሰው ካርታ ላይ ቢያየው ወደሱ ያጋድላል። ግን ትንሹ ይበልጥ ቀጥ ያለ ነው። ትልቁ ሰፊና ዘንበል ያለ ነው፤ መንገዱም በሰፊው እየተጠማዘዘ ይወጣል። 47 ሜትር ለማትረፍ ብሎ ቀጥ ወዳለው መግባት ትርፍ አይደለም።

ካርታ ላይ ይህንን የሚነግሯችሁ የከፍታ መስመሮቹ ናቸው። መስመሮቹ ከተጠጋጉ ተዳፋቱ ቀጥ ያለ ነው፤ ከተራራቁ ዘንበል ያለ ነው። የበሩን ቁጥር ከማየታችሁ በፊት የመጨረሻዎቹን 200 ሜትሮች መስመር እዩ። በሁለቱም በኩል። ብዙ በር በመውጫው በኩል ቀላል፣ በመውረጃው በኩል አስቸጋሪ ነው።

ሌላው ምሳሌ በፈረንሳይ በኩል ነው። ከኮል ደ ላ ክሯ ዱ ቦኖም ሲታለፍ መንገዱ ይከፈላል። አንዱ ኮል ደ ፉርን ይወጣል፤ የሚገርመው እሱም 2,665 ሜትር ነው። አጭር ነው፣ ግን በረዶው ይዘገያል፤ በጉም ጊዜም መንገድ ያጠፋል። ሌላው ወደ ሌ ሻፒዩ መንደር ወርዶ በሸለቆው ውስጥ መልሶ ይወጣል። ይረዝማል፣ ያሰለቻል፤ በበጋ የሸለቆውን ክፍል በትንሽ አውቶቡስ መሄድም ይቻላል። በጥሩ ቀን ኮል ደ ፉር ግሩም ነው። በጉም ቀን ሻፒዩ ሳይጠየቅ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ዝቅ ያለ በር ጭራሽ የለም። ግራን ኮል ፌሬ ቢዘጋ በእግር የሚሄዱበት ቀላል አማራጭ የለም። ያኔ አማራጩ አንድ ቀን መቀመጥ ነው፤ ወይም አውቶቡስ። ከጣሊያኗ ኩርማየር በሞንብላን ዋሻ ወደ ፈረንሳይዋ ሻሞኒ አውቶቡስ አለ። ከሻምፔም ቢሆን በአውቶቡስ ወደ ኦርሲዬር፣ ከዚያ በባቡር ወደ ማርቲኒ፣ ከማርቲኒ በአውቶቡስ ወደ ፎርክላና ትሪያን መድረስ ይቻላል። አውቶቡስ መሳፈር ዙሩን አያበላሽም።

ማንን እንጠይቅ?

ቀለሞቹን። በስዊዘርላንድ ቢጫ ምልክት ተራ የእግር መንገድ ነው። ነጭ፣ ቀይ፣ ነጭ ከሆነ የተራራ መንገድ ነው፤ ጥሩ ጫማና የማይደነግጥ እግር ይጠይቃል። ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ካያችሁ የአልፕስ መንገድ ነው፤ ገደል፣ በረዶ ወይም መንጠላጠል ሊኖርበት ይችላል፤ ልምድ ለሌለው አይደለም። ፈረንሳይ ስትገቡ ግን ይህ ሥርዓት ይቀራል። እዚያ የምታዩት ነጭና ቀይ መስመር አቅጣጫ ብቻ ነው የሚናገረው፤ ስለ ክብደቱ ምንም አይልም። የስዊዘርላንዱን ትርጉም ይዞ ፈረንሳይ መግባት ያሳስታል።

ሰዎችን። የበሩን ዛሬ ጠዋት ሁኔታ የሚያውቀው ትናንት ከዚያ የወረደ ሰው ነው። በተራራ ማረፊያ ቤት ያሉ ሠራተኞች ይህንን በየቀኑ ይሰማሉ። ስልክ ደውሉላቸው። ስትጠይቁ «መንገዱ ጥሩ ነው?» አትበሉ፤ ለነሱ ሁሉም ጥሩ ነው። «በረዶ የሚቋረጥበት ቦታ አለ? ስንት ሜትር ይሆናል? ያለ በረዶ ጥርስ አልፈውታል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሻሞኒ ውስጥም ስለ ተራራው ሁኔታ በነፃ የሚያማክር ቢሮ አለ።

መንገድ ተዘግቷል የሚል ምልክት ካያችሁ ደግሞ ክርክር የለም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 23 ቀን 2017 በምሥራቅ ስዊዘርላንድ ከፒትስ ቼንጋሎ ተራራ ወደ 3 ሚሊዮን ሜትር ኩብ አለት ተናደ። በሸለቆው ውስጥ የነበሩ ስምንት ተጓዦች ሕይወታቸውን አጡ። ጠዋት ጥሩ የበጋ ቀን ነበር። በከፍታው ላይ አለቱን ለዘመናት አጣብቆ የያዘው የረጋ በረዶ እየቀለጠ ሲሄድ ተራራው ይላላል። ትናንት ክፍት የነበረ መንገድ ዛሬ የሚዘጋው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። የስዊዘርላንድ የካርታ መሥሪያ ቤት በነፃ የሚሰጠው የስልክ መተግበሪያ የተዘጉ መንገዶችን ያሳያል።

ስልክ ካነሣሁ አይቀር፦ በሦስቱም አገሮች ለአደጋ ጊዜ 112 ይሠራል። የአርፔትና የቦቪን መንገዶች ባሉበት በስዊዘርላንዱ የቫሌ ክልል ደግሞ የነፍስ አድን ቁጥሩ 144 ነው። ስልክ ካልሠራ በፉጨት ወይም በባትሪ መብራት በደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ፣ ከዚያ አንድ ደቂቃ ዝም፣ ከዚያ እንደገና። የእርዳታ ጥሪ መሆኑን ተራራ የሚያውቅ ሁሉ ይረዳል።

አንድ ለኛ ሰው በተለይ የሚያስፈልግ ነገር አለ፤ ሌሎች መመሪያዎች ላይ አታገኙትም። እነዚህ በሮች ብዙዎቹ ድንበር ናቸው። ግራን ኮል ፌሬን ስታልፉ ከጣሊያን ወደ ስዊዘርላንድ ገባችሁ። ከትሪያን ወጥታችሁ ኮል ደ ባልምን ስትረግጡ ፈረንሳይ ናችሁ። ጠባቂ ላይኖር ይችላል፤ ሕጉ ግን አለ። በስዊዘርላንድ የ«ኤን» (የጥገኝነት ጠያቂ) ወይም የ«ኤፍ» (በጊዜያዊነት እንዲቆይ የተፈቀደለት ሰው) መታወቂያ የያዘ ሰው ያለ ልዩ ፈቃድ ከአገር መውጣት አይፈቀድለትም። ስለዚህ አማራጭ መንገድ ስትመርጡ አማራጩ ድንበር ይሻገር እንደሆነ አስቀድማችሁ እዩ። ከሻምፔ ወደ ትሪያን ያሉት ሁለቱም መንገዶች ከስዊዘርላንድ አይወጡም።

ውሳኔው የሚወሰነው ማታ ነው

ከሁሉም በላይ የምለው ይህንን ነው። አማራጩን የምትመርጡት በሩ ሥር ቆማችሁ፣ ደክማችሁ፣ «እዚህ ድረስ መጥተን?» እየተባባላችሁ ከሆነ ምርጫ አይደለም። ያኔ የሚወስነው እልህ ነው። ማታ ሆዳችሁ ጠግቦ፣ እግራችሁ ደርቆ፣ ካርታው ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ግን አእምሮ ይሠራል። ያኔ ሁለት ነገር ወስኑ። በየትኛው መንገድ እንደምትሄዱና ምን ከሆነ እንደምትመለሱ። ለመስኮቱ የኔ መስፈርት እንዲህ ነበር፦ ከ4 ሰዓት በፊት ቋጥኞቹ ሥር ካልደረስን እንመለሳለን። ቋጥኞቹ እርጥብ ከሆኑ እንመለሳለን። በጉም ምክንያት የሚቀጥለው የቀለም ምልክት ካልታየን እንመለሳለን። ከሁለታችን አንዱ «አልፈልግም» ካለ፣ ምክንያት ሳይጠየቅ፣ እንመለሳለን።

የኛ ቀን ጁላይ መጀመሪያ ነበር። ትንበያው ከሰዓት ነጎድጓድ ይላል። ማረፊያ ቤቱ ውስጥ ያገኘነው አንድ ተጓዥ ከመስኮቱ በታች ሁለት የበረዶ ቁራጭ እንዳቋረጠ ነገረን። የበረዶ ጥርስ አልያዝንም። ጓደኛዬ ካርታውን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ «እሺ፣ በላሞቹ በኩል» አለ።

ቦቪን ላይ ሻይ ጠጣን። ከቀኑ 7 ሰዓት በፊት ፎርክላ ደረስን። እዚያ የሚያስደስት ነገር አለ። ከፎርክላ ተነሥቶ የድሮ የውሃ ቦይ እየተከተለ ወደ ትሪያን የበረዶ ግግር ሸለቆ የሚገባ ሜዳ መንገድ አለ፤ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። በመስኮቱ በኩል የመጣ ሰው የሚወጣው እዚያው ነው፤ 1,583 ሜትር ላይ ያለው ቤት ጋ። ሻንጣችንን ሳናወርድ ሄድን። ግግሩን ከታች አየነው፤ ወደ ላይ አፈግፍጎ፣ ሥሩ ግራጫ አለት ትቶ። ከመስኮቱ የሚወርደውን መንገድ ግን ጉም ውጦታል።

ከጉሙ ውስጥ ሁለት ሰዎች ወጡ። ባልና ሚስት ይመስሉኛል። ልብሳቸው በስብሷል፣ የሴቲቱ ጉልበት ይንቀጠቀጣል። ትሪያን ስንት ይቀራል ብለው ጠየቁን። አንድ ሰዓት አልናቸው። ሴትዮዋ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ጓደኛዬ ከቦርሳው ቆሎ አውጥቶ ዘረጋላት።